ግማሹ ብቻ የተወራ ፈውስ

ይህን ስጽፍ ሁለት ወገን እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። አንደኛው ወገን ነጭ ካፖርት ከለበሰ ሰው በቀር ማንንም አትመኑ የሚል ነው። ሁለተኛው የአባት የእናት መድኃኒት እያለ መርፌ ምን ይሠራል የሚል ነው። እኔ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ጋ ሄጃለሁ፤ ሁለቱም ደብቀውብኛል፤ ያዳኑኝም ሁለቱ ናቸው። እንዴት እንደሆነ በተራው ልናገርና አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ሚስት አግብቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነው። ቀሪውን ከዳዊትና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ በራሴ ለቀምሁት። አጻጻፌ ባይሰምር ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ቤቴ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አገራችን ፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ እንዘራበታለን፤ ከብቱ ሣሩን እየተከተለ ይወርዳል። በጋው ሲገፋ የጉማራ ወንዝ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ከብቱም ሰውም የሚጠጣው በየረባዳው ከቀረው ኩሬ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በዚያ ወራት፣ በዐቢይ ጾም ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ቀጥሎ ጠዋት ስነሣ ምራቄ ቀልቶ አየሁ። ጾሙ ነው፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ነው ብዬ ዝም አልሁ። ደሙ ግን ጨመረ፤ አንዳንድ ቀን በአፍንጫዬ፣ አንዳንድ ቀን ሳል ይዞት ይወጣል። ድምፄ ሻከረ። እርፍ ይዤ አንድ ትልም ሳልጨርስ ዓይኔ ይጨልማል፤ ከንፈሬም ነጣ።

በእኛ አገር ደም ለሚተፋ ሰው ያለው ስም አንድ ነው፤ ሳምባ ነካው ይባላል። የሳምባ በሽታ ደግሞ የሚገድለው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ነው። ከዚያ ቤት እሳት የሚጭር የለም። በዚያ ሰው ማዕድ የሚቀመጥ የለም። ልጆቹም አድገው ጎጆ ሲወጡ፣ አባታቸው በምን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል።

አንድ ቀን ዋንጫዬን ከሌሎቹ ተለይታ በመደቡ ጫፍ ተደፍታ አገኘኋት። ማን ለያት ብዬ ባለቤቴን አንጓችን ጠየቅሁ።

«ድመት እየነካት ነው» አለችኝ።

ድመት የለንም።

አልተቆጣኋትም፤ ልጆቿን ነው የጠበቀች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ሰው መጠርጠር ጀመርሁ። የአንጓች ወንድም ሊጠይቀኝ መጥቶ ዓይኑ ከእኔ ይልቅ በሬዎቼ ላይ ነበር። ዘንድሮ እነዚህን ማን ይጠምዳቸዋል አለኝ። እኔ አልሁት። ይቅናህ አለና ሄደ፤ ሲሄድ ግን የቀይ ዳማውን በሬ ጀርባ ዳሰሰ። ሰው ሳይሞት ውርሱን መዳሰስ ነውር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አታድርጉ።

መጀመሪያ የሄድሁት ይፋግ ገበያ ላይ መርፌ ከሚወጋ ሰው ዘንድ ነው። የሰውዬውን ጠርሙስ አይቼ ይህ ለየትኛው በሽታ ነው ብዬ ብጠይቀው ለሁሉም ነው አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ካለ ሰው ስለምን ይሞታል ስለው ተቆጣ። ቢሆንም ወጋኝ፤ እኔም ተወጋሁ፤ የታመመ ሰው ጥርጣሬውን እያወቀ ክንዱን ይሰጣል። ክንዴ አብጦ መግል ቋጠረ። የደሙ ነገር እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚያ ወረታ ወዳለችው ክሊኒክ ሄድሁ። በግድግዳው ሥር ጥላ እየተከተልን ተቀመጥን። እኔ ስስል አጠገቤ ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል፤ እንደገና ስስል ተነሥቶ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በዚያ ረጅም ጥላ ውስጥ እኔና አንዲት የደራ ባልቴት ብቻችንን ቀረን። እሳቸው አልተነሡም። እኔ ሰው ሁሉ ስለሸሸኝ እሳቸውንም ጠረጠርሁ፤ ዓይናቸው ታውሮ ይሆን ብዬ ደሙ እንዳይነካዎት ይራቁ አልኋቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ቀድሞ የመጣ ጥላ አይለቅም።»

ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው አፌን የምጠርግበት ሰጡኝ። ከየት እንደሆኑ እንጂ ስማቸውን አልጠየቅሁም።

ድሬሰሩ ልጅ እግር ነው። ድሬሰር ማለት ሐኪም ያልሆነ፣ ግን ቁስል ማሠርና መርፌ መውጋት የተማረ የክሊኒክ ሠራተኛ ነው፤ ለእኛ አገር ግን ሐኪሙ እሱ ነበር። ደረቴንና ጀርባዬን በጆሮው በሰካው ላስቲክ አዳመጠ። ሌሊት ያልብዎታል ወይ፣ ከስተዋል ወይ አለኝ። ያልበኛል፣ ከስቻለሁ አልሁት፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጾም የማያልበውና የማይከሳ ማን አለ? ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ ይህ የሳምባ ነቀርሳ ነው። ጎንደር ሆስፒታል ሄደው ራጅ ይነሡ። እስከዚያ ከልጆችዎ ተለይተው ይደሩ።»

ራጅ የሰውን ውስጥ በመብራት የሚያይ መሣሪያ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ የአገር መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልወሰድሁም አልሁት።

«ከወሰዱ እዚህ እንዳይመጡ። ሁለቱ አይስማሙም።»

«የነሱን መድኃኒት ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቀው ነገር አለመስማማቱን በምን አወቅህ?»

ሳቀና ተራ ያለውን ጠራ። ያ ሳቅ ለብዙ ጊዜ አስከፍቶኛል። አሁን ሳስበው ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያ በል ተብሎ ተምሮ ነው።

ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ትንሽ ዳስ ጣሉልኝ። ትንሿ ልጄ ውዴ ወደ እኔ ስትሮጥ ታላላቆቿ ይይዟታል፤ እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ጎንደር ከሄድሁ የምመለስ አልመሰለኝም። ከሰፈራችን በሳምባ ታሞ ሄዶ የተመለሰ አላየሁም ነበርና። ሄጄ ልሙት ወይስ እዚሁ ዳስ ውስጥ ልሙት የሚለውን ነው የማወጣ የማወርደው።

አያ ፈንታ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሳልጠራው መጣ፤ ይህም አስጠረጠረኝ።

ስለ ፈንታ እውነቱን ልናገር። ለከብት አልቅት፣ ለእባብ ንክሻ፣ ለጥርስ ሕመም መድኃኒት አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። ጉረኛ ነው። ባል ለጠላቸው ሴቶች ክታብ ይሰጣል፤ ይህ ማታለል ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችንን ጊደር አክማለሁ ብሎ ገድሎ፣ ቡዳ በልቷት ነው ብሎ ሸመጠጠ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ከዳሴ ደጃፍ ራቅ ብሎ ተቀምጦ የሚጠይቀኝ።

የት ነው ውኃ የጠጣኸው አለኝ። ሰው ሁሉ ከሚጠጣበት አልሁት። በቅል ነው ወይስ አጎንብሰህ አለኝ። አጎንብሼ አልሁት።

«ጉሮሮህ ውስጥ የሚላወስ ነገር አለ?»

ነበረ። ከእንጥሌ ጀርባ አንድ ነገር ሲሳብ፣ ሲኮማተር ይሰማኝ ነበር። ጋኔን አለበት እንዳልባል ለሰው አልተናገርሁትም፤ ለድሬሰሩም፣ ለአንጓችም።

«አልቅት ነው» አለ ፈንታ።

አልቅት በኩሬ ውኃ የሚኖር፣ ደም የሚመጥ ጥቁር ትል ነው። ሲገባ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ውስጥ ሆኖ ደም ጠጥቶ ይወፍራል። እኛ የፎገራ ሰዎች በበጋ ከብቱ ከውኃ ሲወጣ የየላሙን አፍንጫ እየገለበጥን እናያለን። እኔም በዚያው ወራት የከብቶቼን አፍንጫ ሳይ ነው የከረምሁት። ሰው ደም ሲተፋ ግን የምናስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፉን ከፍቶ የሚያይለት የለም።

ፈንታ ውኃ ተከልክዬ እንድውል አዘዘኝ፤ የተጠማ አልቅት ወደ ውኃ ይወጣልና። ይህን አመንሁት፤ ለላምም እንደዚሁ ነው። በማግስቱ በቅል የታሰረ ነገር ይዞ መጣና ዓይኔን በጨርቅ ሊሸፍን ተነሣ።

«ጨርቁን ተው» አልሁት።

«ካየኸው አይሠራም። የአባቴ ሕግ ነው።»

«የማላየውን አልጎርስም። ለልጆቼም የነገርኋቸው ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያ ሙት።»

«የምሞተውም ዓይኔን ገልጬ ነው።»

ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ቅሉን ከእጁ ነጠቅሁና አሸተትሁት። ሽታውን አወቅሁት። ይፋግ ገበያ ላይ ነጋዴዎች ከሚስቡት ጋያ የሚወጣው ነው።

«ይህ ትምባሆ ነው።»

ፈንታ መሬት መሬት አየ።

«ዝም ብትል መድኃኒት ነበር» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ ዘንድ ክርስቲያን ትምባሆ አይነካም። የነካ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፤ እኔም ልጆቼን በዚህ ነገር አስጠንቅቄ ነው ያሳደግሁ። እንግዲህ የአገር መድኃኒት አዋቂዎች ስሙ ሲጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ስሙ ቢጠራ የሚረክስ ኃይል የለውም። ስሙ ቢጠራ አፉን የሚከፍትለት ክርስቲያን የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው። አባቱም ደበቀ፣ እሱም ደበቀ፤ መድኃኒቱና ክታቡ በአንድ ከረጢት አብረው ከረሙ፤ የትኛው እንደሚያድን የትኛው እንደሚያታልል የሚለይ ጠፋ።

ቅሉን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ካሤ ሄድሁ። ፈንታ እየተከተለ ይለምነኛል፤ አልሰማሁትም። መምሬ ሽተት አድርገው መለሱልኝ።

«የምትጠጣው ልትደሰትበት ነው?»

«ልድንበት ነው አባቴ።»

«እንግዲያ ስትጠጣ ፊትህን አጨማድ፤ እግዚአብሔር አይቶ ይለያል።» ከዚያ ወደ ፈንታ ዞሩ። «አንተ ግን ክታቡን ተው። ለመድኃኒቱ እንጂ ለዚያ አልፈታሁህም።»

ያ ደግ ቃል ነበር። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁ ያን ቀን ነው።

ፈንታ የትምባሆውን ውኃ በአፍንጫዬ አንጠባጠበልኝ፤ በጉሮሮዬም አጉመጠመጠኝ። ራሴ ዞረ፤ አስመለሰኝ። ነገርየው ከእንጥሌ ጀርባ ወረደ፤ ፈንታ በእርግጥ ጭራውን አይቶታል። ጣቱን አመድ ነክሮ ያዘው፤ አመለጠው። እንደገና ያዘው፤ እንደገና አመለጠውና ሽቅብ ተመለሰ። ደሜ ደረቴ ላይ ወረደ። አንጓች ከአጥሩ ማዶ ቆማ ይርጋ፣ ይርጋ እያለች ታለቅስ ነበር።

ፈንታ ትምባሆውን ላወፍረው አለ። ጊደሪቱ ትዝ አለችኝ።

«ይበቃል» አልሁት። «ከዚህ ከወፈረ አልቅቱ ሳይሞት እኔ እሞታለሁ። ያ ድሬሰር ከሰው እግር እሾህ ሲያወጣ አይቻለሁ፤ ጫፉ የማያንሸራትት ረጅም መቆንጠጫ አለው። ተነሥ እንሂድ።»

«እኔ እዚያ አልገባም። ያስሩኛል።»

«ካልመጣህ ቅልህ ውስጥ ያለው ትምባሆ መሆኑን በሰንበት ደጀ ሰላም ቆሜ እናገራለሁ።»

አፍሮ አይደለም፣ ፈርቶ ነው የመጣው። እኔም ፈርቶ እንዲመጣ ነው የፈለግሁ። በቅሎ ላይ አስቀምጠው ወሰዱኝ።

ድሬሰሩ ፈንታን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ይህ ሰው የሳምባ ሕመምተኛ ነው፣ እናንተ ሰው ትገድላላችሁ፣ ሁለታችሁም ውጡ አለ። ፈንታ ቀድሞ ሊወጣ ነበር፤ ቀሚሱን ይዤ አስቀረሁት።

«ልጄ» አልሁት ድሬሰሩን፣ «ደረቴን ሰምተሃል፤ አፌን አላየህም። እየውና ባዶ ከሆነ እሱንም እኔንም አባረህ በሩን ዝጋ።»

በሩን ዘጋ፤ ግን እኛ ውስጥ ነን። ሰው እንዳያይ ነው የዘጋው። ባትሪውን አበራና ምላሴን በብረት ተጫነ። ምንም የለም አለ።

«ተጠምቶ ካልሆነ አይወርድም» አለ ፈንታ ከጥግ ሆኖ። «ትንሽ ላንጠባጥብለት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ፈንታ እኔን አየኝ። እኔ ዝም አልሁ፤ ይህን መናገር ያለበት እሱ ነው።

«ትምባሆ ነው» አለ።

ድሬሰሩ ቅሉን ተቀብሎ አሸተተ፤ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። በጣም ወፍሯል ብሎ በተፈላ ውኃ አቀጠነው። ፈንታም እንዳያቀጥነው ተከራከረ። እኔ አፌን ከፍቼ፣ ምራቄ እየወረደ፣ ሁለቱ በራሴ ላይ ይከራከራሉ። ከዚያ ፈንታ አንጠባጠበ፤ ድሬሰሩ ባትሪውን ያዘ። ጥቂት ቆየን። ፈንታ አሁን አለ፤ ድሬሰሩ መቆንጠጫውን ሰደደ፤ ያዘ። ሳይጎትት ጠበቀ፤ ፈንታ አትጎትት፣ ራሱ እስኪለቅ ያዝ ብሎታልና። አልቅቱም ለቀቀ።

በቆርቆሮ ሳህን ላይ ወድቆ ተላወሰ። ጣት ያህል ወፍሯል፤ ጥቁር ነው። ድሬሰሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፈንታ ስጠኝ ለሰው ላሳየው አለው፤ ድሬሰሩ እኔ በአልኮል ጠርሙስ አስቀምጠዋለሁ አለው። በዚህም ተጣሉ። ድሬሰሩ አሸነፈ።

ደሙ ያን ዕለት ማታ ቆመ። ድሬሰሩ ደምዎ አልቋልና ጉበት ይብሉ፣ ለእርግጡ ግን ጎንደር ሄደው ደረትዎን ይታዩ አለኝ። ከጾሙ በኋላ ሄድሁ። ደረቴ ንጹሕ ነው ተባልሁ። ስመለስ ዳሱ ፈርሷል፤ አንጓች እንጨቱን ለማገዶ ፈልጣዋለች። የትኛው ድመት አፈረሰው አልኋት። ሳቀችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድሟም መጣ፤ በሬዎቹን ቀና ብሎ አላየም።

አሁን ይህን ለምን እንደምጽፍ ልናገር።

ከክሊኒኩ ስወጣ ድሬሰሩ እስከ በሩ ሸኝቶ፣ ፈንታ ክሊኒኩ ውስጥ መግባቱን ለማንም እንዳይናገሩ፣ አለቆቼ ከሰሙ እንጀራዬን አጣለሁ አለኝ። ፈንታም መንገድ ላይ ትምባሆ መሆኑን እንዳትናገር፣ መቆንጠጫውንም አታንሣ፣ ሰው ይንቀኛል አለኝ። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን እንድደብቅ ለመኑኝ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ ሙሉውን ነገርሁ። ሰው ግን የሚይዘው የወደደውን ነው። ወሬው በሜዳው ሲዞር፣ ፈንታ የሳምባ በሽታ አዳነ ሆኖ ዞረ።

መንግሥት ክሊኒክ ሲያቆም የአገር መድኃኒት አዋቂውን ከደጅ ማባረሩ ትክክል አይደለም። ስላባረረው አልጠፋም፤ ወደ ጨለማ ገባ እንጂ፤ በጨለማ ያለን ሰው ደግሞ ማንም አያርመውም። እንደ ፈንታ ያለውን በቀን፣ በበሩ አስገቡት። ቅሉን ይፍታ፤ ስሙን ይጥራ፤ ልኩን ይናገር። የሚያድነው ከሌላው መድኃኒት ጋር በአንድ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ የሚገድለውና የሚያታልለው ይከልከል፤ ጊደር እንኳ ቢገድል ይጠየቅ። ድሬሰሩም የማያውቀውን ከመሳቁ በፊት ይጠይቅ። ፈንታን የምጠረጥረውን ያህል ድሬሰሩን እጠረጥራለሁ፤ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ግን ሁለቱንም ማመን ቻልሁ። በዚያች በአንዲት ሰዓት ነው የዳንሁት።

በተከታዩ ዓመት ቁሐር ሚካኤል ላይ ምስጋናው የሚባል ወጣት ገበሬ ደም መትፋት ጀመረ። ይርጋን ያዳነ አለ ብለው ፈንታን ጠሩት። ፈንታም ብቻውን ሄደ፤ የምስጋናውን ዓይን ሸፈነ፤ ትምባሆውን አንጠባጠበ፤ አልቅት አልወጣም፤ ደጋግሞ አንጠባጠበ። የምስጋናው ግን እውነተኛው የሳምባ ነቀርሳ ነበር። ወደ ክሊኒክ ሲወስዱት ጊዜው አልፎ ነበር። ለቀብሩ ሄድሁ። ሚስቱ ከለቅሶው መካከል ለይታኝ ወደ እኔ መጣች። ገና ልጅ ናት።

«ይርጋ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በፈንታ መድኃኒት ነው የዳኑት?»

«በፈንታና በድሬሰሩ ነው፣ ልጄ። ሁለቱ አብረው ናቸው ያወጡልኝ።»



«የድሬሰሩን ማንም አልነገረንም» አለች።